ስለ ቢጠና ጌም ቤት ጨዋታዎች፦ ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም.

ስለ ቪዲዮ ጨዋታ በአገራችን ሲነገር የምንሰማው ቃል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የወላጆችና የመምህራን ቃል ሲሆን ጨዋታው ልጁን ከትምህርቱ ያስቀረዋል፣ ገንዘቡን ያስጨርሰዋል፣ ጠባዩንም ያበላሸዋል ይላል። ሁለተኛው ከውጭ አገር የሚመጣው የምርጦች ዝርዝር ነው፤ የዐሥሩ ዓመት ታላላቅ ጨዋታዎች እነ እገሌ ናቸው ብሎ በሥዕላቸው ጥራትና በታሪካቸው ርዝመት ይመዝናቸዋል። እኛ ይህን አጭር ሐተታ ስንጀምር ሁለቱንም ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግን መረጥን። የፈለግነው በወላይታ ዞን፣ በሆቢቻ ወረዳ ከተማ በቢጠና ያደጉ ልጆች ከተጫወቷቸው ጨዋታዎች መካከል የትኛው በልባቸው እንደ ቀረ፣ ስለ ምንስ እንደ ቀረ ለማወቅ ነው።

ዘመኑን የወሰንነው በራሳችን አቆጣጠር ነው፤ ከ2003 ዓ.ም. መስከረም እስከ 2012 ዓ.ም. ጳጉሜን፣ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2020 መሆኑ ነው። በውጭው ዓለም ይህ ዐሥር ዓመት የሚታወስባቸው ጨዋታዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ» ወይም በ2015 የወጣው «ዘ ዊቸር 3»፣ ቢጠና አልደረሱም። ስማቸውን የሰማነው ኮሌጅ ከገባን ወዲህ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ከሚነሡት ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ከተባለው ዘመን በፊት የተሠሩ ናቸው፤ እኛ ግን የቈጠርንላቸው የተሠሩበትን ዓመት ሳይሆን የተጫወትንባቸውን ዓመታት ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ለጊፋታ በዓል ወደ አገር በሄድን ጊዜ የቀድሞ ተጫዋቾችን እየፈለግን አነጋግረናል። እኛም ራሳችን ከነዚያ ልጆች መካከል ስለ ነበርን በዚህ ነገር ምስክርም ዳኛም መሆናችንን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልን እንወዳለን።

ጌም ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ አንድ ክፍል ነበር። ባለቤቱ በአዲስ አበባ ጫማ እየጠረገ ገንዘብ ያጠራቀመ የአካባቢው ሰው ነው። ብዙ የወላይታ ወጣት እንደዚሁ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ለጊፋታም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሲመለስም አንዱ ልብስ፣ ሌላው ሬዲዮ ይዞ ይመጣል። እርሱ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2 ይዞ መጣ። ይህ መሣሪያ ከጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ሲሆን ኩባንያው በ2013 መጀመሪያ ላይ ማምረቱን አቆመ። ቢጠና ግን ይህን ወሬ አልሰማችም። ለእኛ ያኔ ገና አዲስ ነገር ነበር።

በክፍሉ ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ (አንዱ ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ የታሰረ)፣ ከኋላም ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ነበሩ። አንድ ግጥሚያ መጀመሪያ 2 ብር ነበር፣ በኋላ 3፣ ከዚያም 5 ሆነ። ሕጉም አጭር ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት አራት ሲሆኑ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁና ገንዘብ የሌላቸው ልጆች ከነርሱ እጅግ ይበዙ ነበር። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ያደገ ልጅ አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው ተመልካች ሆኖ ነው። ይህንን ነገር ልብ ሳይሉ ስለነዚያ ጨዋታዎች መፍረድ አይቻልም፤ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ሁሉ በዚሁ አግዳሚ ላይ የቆመ ነው።

ያነጋገርናቸው ሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት የኮናሚን «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር»፣ በልጆቹ አፍ «ፔስ» የሚባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ጨዋታ በውጭ አገር የተጻፈ ሂስ የሚያነብ ሰው በየዓመቱ የወጣውን ለየብቻው ተመዝኖ ያገኘዋል። በቢጠና ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የዲስኩ ሽፋን በየዓመቱ አዲስ ቁጥር ይለብሳል፤ 2015፣ 2016፣ 2017 ይላል። ውስጡ ሲታይ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፔስ 6 ወይም በ2012 የወጣው ፔስ 2013 ነው፤ የማናውቃቸው እጆች የተጫዋቾቹን ስምና ማልያ እያደሱ ያባዙት ማለት ነው። ለፕሌይስቴሽን 2 ከፔስ 2014 ወዲህ አዲስ አልተሠራምና ሌላም ሊሆን አይችልም ነበር። ይህን እንደ ማጭበርበር ብቻ የሚያይ ሰው ይኖራል፤ ከሕግ አንጻርም ትክክል ነው። ሆኖም ከጨዋታው አንጻር ስናየው ያልታሰበ በጎ ነገር አመጣ። ስሞቹ ሲለዋወጡ ኳሷ አንድ ዓይነት ሆና ኖረች። በዘጠኝ ዓመቱ አሳልፎ መስጠትን የተማረ ልጅ ያንኑ ጥበብ በዐሥራ አራት ዓመቱም ይጠቀምበት ነበር። በሀብታም አገር ያለ ተጫዋች በየመስከረሙ አዲስ ገዝቶ እንደገና ሲለማመድ የቢጠናው ልጅ እንደ ገበታ ሕጉ የማይለወጥ ጨዋታ አገኘና በርሱ ላይ ሊቅ ሆነ።

ስለ ጨዋታው ውስጣዊ አሠራርም አንዳንድ ነገር እንበል። በፔስ ኳሷ ከእግር የተለየች አካል ናት፤ ቁልፉን በያዝኸው መጠን ትርቃለች፣ ትንሽ ካበዛህ ከአግዳሚው ጎል በላይ ትሄዳለች። ጣትህ የሠራችው ስሕተት ወዲያው በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ከኋላ የተቀመጠውም ያየዋል፣ ይሥቅብሃል። በአንጻሩ ትልቅ ጉድለትም ነበረበት። በፔስ 6 የብራዚሉና የኢንተሩ አጥቂ አድሪያኖ የምት ኀይሉ 99 ተብሎ ተመዝግቦ ስለ ነበር እርሱን የያዘ ልጅ ከየትም ይመታል፣ በረኛውም አይዝለትም። አግዳሚው ዝም አላለም። ኢንተርን የመረጠ ከሩቅ መምታት አይችልም፣ ከመታና ከገባም አይቈጠርም የሚል ደንብ ወጣ። እኛ ይህን ደንብ እንደ ሂስ እንቈጥረዋለን፤ ከጃፓን የመጣውን ሥራ የቢጠና ልጆች መርምረው ጉድለቱን አግኝተው አርመውታል።

በጨዋታው ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች አሉ። የቤቱ ልጆች ድምፃቸውን ዘግተው በራሳቸው ይተኩታል። ከአግዳሚው አንዱ ተነሥቶ እንደ ሬዲዮ ዘጋቢ በአማርኛ ያስተላልፋል፤ ምክርና ስድብ በወላይትኛ ይወርዳል፤ ኮርነር፣ ኦፍሳይድ፣ ፋውል ደግሞ በእንግሊዝኛ ይቀራሉ። አንዱ ቋንቋ በሌላው ቦታ አይገባም ነበር፤ በአማርኛ የሚሳደብ ቢኖር የሶዶ ልጅ መስሎ ለመታየት የፈለገ ነው ተብሎ ይሣቅበታል። ይህን የቋንቋ አከፋፈል አንድ የቋንቋ ተማሪ ቢያጠናው ከዚህ ጽሑፍ የተሻለ ይወጣዋል።

ስለ ስሞችም አንድ ነገር አለ። ኮናሚ የብዙ ክለቦችን የስም ፈቃድ ስላልያዘ ቼልሲ በጨዋታው ውስጥ «ለንደን ኤፍሲ» ተብሎ ይገኝ ነበር። የአርሰናል ደጋፊ የሆኑ ልጆች ይህን አይተው ከለንደን እኛ አለን ብለው ይጣሉ ነበር፤ ሦስት ቀን የፈጀ ክርክር እናስታውሳለን። ነገር ግን ይኸው የፈቃድ እጦት ጨዋታው የማረሚያ ክፍል እንዲኖረው፣ የፈለገ ሰው የክለቡንና የተጫዋቾቹን ስም ራሱ እንዲጽፍ አደረገ። ፊደሉ ላቲን ነው፤ ግዕዝ የለውም። ወላይትኛ ደግሞ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነውና ልጆቹ በአንደኛ ክፍል የተማሩትን ይዘው ገቡ። በአማርኛ ለመጻፍ የማይቻልበትን ያንን ሰሌዳ በወላይትኛ ሞሉት። የሰፈር ስም የያዘ ክለብ፣ የጎረቤት ልጆች ስም የያዙ ዐሥራ አንድ ተጫዋቾች ተፈጠሩ። ከዚህ በፊት አንድ ወላይታ በፔስ ውስጥ ተሰልፎ እንደ ሆነ አናውቅም፤ የእኛዎቹ ግን ማንቸስተር ዩናይትድን 3 ለ 1 ያሸነፉበት ቀን አለ።

ፊፋ ከዚህ ጋር ሲተያይ ስሙ ሁሉ የተሟላ፣ ማልያው ሁሉ እውነተኛ ነበር። ሆኖም በዚያ አሮጌ መሣሪያ ላይ ኳሷ ከእግር ጋር የተሰፋች ትመስላለች፣ ስሕተትም አይታይባትም፤ አግዳሚው የሚለው ነገር አልነበረውም። አሁን ሁለቱም የቀድሞ ስማቸውን ጥለዋል፤ ፔስ እ.ኤ.አ. በ2021 «ኢፉትቦል» ሆነ፣ ፊፋም በ2023 «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተባለ።

ሁለተኛው የማይረሳ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ሳን አንድሪያስ» ነው። በሰዓት የሚከፈልበት ስለ ሆነ ገንዘብ ያለው ልጅ ብቻ ይጫወተዋል፣ ሌላው ያያል። በሚሲዮን ትምህርት ቤታችን መምህራን ስሙን ሲሰሙ ይቈጡ ነበር፤ ስለ ግድያውና ስለ ብልግናው የተናገሩትን ዛሬ አንቃወምም፣ ለሕፃን የተሠራ አይደለም። ሥራው በስኮትላንድ የተሠራ፣ በ1992 የነበረችውን የካሊፎርኒያን ኑሮ የሚያፌዝ ነው ይባላል። ፌዙ ለእኛ አልደረሰንም። እንግሊዝኛውን ማንበብ ስለማንችል ሰዎቹ ለምን እንደሚጣሉ አናውቅም ነበር፤ ስለዚህ የታየን ሁሉ እውነተኛው አሜሪካ ነው ብለን ተቀበልነው። ይህን የሥራው ጉድለት ነው አንልም፣ የእኛ ነው። ታሪኩን ያጣው አግዳሚ ግን ሌላ ታሪክ ሠራለት፦ ሲጄ የተባለው ዋና ሰው ወንድሙን የሚፈልግ፣ ከአገሩ ርቆ የሄደ ልጅ ነው ተባለ። እውነተኛው ታሪክ የእናቱን ሞት ሰምቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው መሆኑን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ብዙም እንዳልራቅን አይተን ተገረምን።

ከዚያ ጨዋታ ሁሉም ሰው ያስታወሰን አንድ ነገር መኪናው ወይም ጠመንጃው አይደለም። ሲጄ ካልበላ ይከሳል። አብዝቶ ከበላ ይወፍራል፣ ስፖርት ከሠራም ጡንቻ ያወጣል። የበልግ ዝናብ የዘገየበትን ዓመት፣ ስኳር ድንች ከመድረሱ በፊት ያለውን ጊዜ ለሚያውቅ ልጅ፣ ሰው በስክሪን ላይ ሲከሳ ማየት ቀልድ አልሆነም። ጆይስቲኩን የያዘው ልጅ ፖሊስ ሊገጥም ሲሮጥ ከኋላ «መጀመሪያ አብላው!» ይባል ነበር። ይህን ጨዋታ ስናወድስ የምናወድሰው ስለዚህ ነው፤ ለቀረው ሁሉ መምህራኖቻችን ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም። «ጋድ ኦፍ ዎር»ም ነበር፣ እንደ ፊልም ታየ፣ ሲያልቅ አለቀ።

በዘመኑ ማለቂያ ነገሩ ወደ ስልክ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ፍሪ ፋየር» እና በ2018 ወደ ስልክ የመጣው «ፐብጂ» የልጆችን ሁሉ እጅ ያዙ። በመጀመሪያው እስከ ሃምሳ፣ በሁለተኛው እስከ መቶ ሰው በአንድ ደሴት ላይ ይወርዳል፣ የመጨረሻው የቀረ ያሸንፋል። ሥራቸው የተናቀ አይደለም፤ ሜዳው እየጠበበ መሄዱ የፈራ ሰው ተደብቆ እንዲቀር አይፈቅድለትም፣ ይህም ብልህ ሐሳብ ነው። ፍሪ ፋየር በርካሽ ስልክ ላይ በዐሥር ደቂቃ ማለቁም ለእኛ አገር ይመቻል። ነገር ግን ስክሪኑ ከመዳፍ አይበልጥም፣ ጆሮም በማዳመጫ ይዘጋል። በአንድ ክፍል ስድስት ልጆች ተቀምጠው ስድስቱም በየፊናቸው ሲሆኑ አይተናል። የሚያሸንፈውን ማንም አያይም፤ የተሸነፈውም ማንነቱን ከማያውቀው ሰው ተሸንፎ ዝም ብሎ እንደገና ይጀምራል። ያነጋገርናቸውን ስለ ፍሪ ፋየር አንድ ግጥሚያ ንገሩን ብንላቸው ከብዙ መቶ ግጥሚያ አንዱን እንኳ መተረክ አልቻሉም። ስለ ፔስ ግን ከስምንት ዓመት በፊት የገባ ጎልን ማን እንዳገባው፣ መብራት በዚያው ቅጽበት ጠፍቶ ማን እንደ ከፈለ ይነግሩናል።

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ የስልኩ ጨዋታ ሁሉ በአንድ ቀን ሞተ። ጌም ቤቱም በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ባለቤቱ ግን አንዱን መሣሪያ ወደ ዘመዱ ቤት ወስዶ ስለ ነበር የሰፈሩ ልጆች በመስኮት ሆነው ጭምር ያዩት ጀመር፤ መጫወት የነበረበትን ርቀት ጠብቀው ተቀምጠዋል ብንል ውሸት ይሆናል።

በአገራችን ስለ ተሠሩትም መናገር ይገባናል፤ አለዚያ የውጭውን ብቻ ያወድሳሉ እንባላለን። በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» አንዲት ዶሮ ከሚያሳድዳት ሸሽታ የምትሮጥበት የስልክ ጨዋታ ነው። በዓል ሲቃረብ ከእጅ ያመለጠች ዶሮን ላሳደደ ሰው ሁሉ ሐሳቡ ያስቀዋል፣ ሥዕሉም ከራሳችን ሰፈር የተወሰደ ነው። የአጨዋወቱ መንገድ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው «ቴምፕል ራን» እና በ2012 ከወጣው «ሰብዌይ ሰርፈርስ» የመጣ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን እስኪወድቅ ድረስ ይሮጣል። የሚያሳዝነን ስሙ ነው። ኩኩሉ የዶሮ ጩኸት ብቻ ሳይሆን የድብብቆሽ መጥሪያም ነው፤ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ ነጋ እንደ ሆነ ሲጠይቅ የተደበቁት ከየጥጋቱ ገና ነው ይሉታል። ይህን ያህል ብዙ ድምፅ ያለበትን ስም ለብቸኛ ሩጫ ማዋል እንደ ብክነት ሆኖ ታየን። ቅኔ ጌምስ በኋላ «ገበታ»ን ወደ ስልክ ማምጣቱ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ገበታ በተፈጥሮው ሁለት ተጫዋችና አንድ አፉን መዝጋት የማይችል መካሪ ይፈልጋል። ሁለቱም ጨዋታዎች በቢጠና ገና በብዙ ስልክ ላይ አይታዩም።

እስካሁን አግዳሚውን አሞግሰናል። ነገር ግን ያልተናገርነው አለ፣ ብንተወው ሐሰተኛ ምስክር እንሆናለን። ተሸናፊ ይከፍላል የተባለው ሕግ 2 ብር ብቻ ሆኖ አልቀረም። አግዳሚው መወራረድ ጀመረ፤ መጀመሪያ በማስቲካ፣ ቀጥሎ በ5 ብር፣ ከዚያም በ50። በ2008 ዓ.ም. እናታችን ስኳር ድንች ሸጠው ለደብተር የሰጡንን 30 ብር እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሰው ጨዋታ ላይ አስይዘን ተበልተናል። ያን ዓመት የሒሳብንና የሳይንስን ትምህርት በአንድ ደብተር ከሁለቱም ጫፍ ጽፈናል፤ እናታችንም አይተው ምንም አላሉም። ከጥቂት ዓመት በኋላ በብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ፈቃድ የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየከተማው ሲከፈቱ ከጌም ቤታችን ልጆች ብዙዎቹ ቀድመው ገቡ። የተጫዋቹን ስም፣ የክለቡን ጠባይ፣ ዕድልን ማስላት ሁሉ እዚያው አግዳሚ ላይ ተምረውት ነበርና አዲስ ነገር አልሆነባቸውም። ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ከሚሉት ውስጥ ስለ ገንዘቡ የሚሉት እውነት ነው። ስሕተታቸው ነገሩን ከጨዋታው መፈለጋቸው ነው። ፔስ ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አያውቅም፤ ገንዘቡን ያመጣነው ድምፁንና ስሙን ያመጣነው እኛው ነን፣ በዚያው በር ገባ። አግዳሚውን ከውርርዱ ለይቶ ማስቀረት ይቻል ነበር ወይ ብለን ባለቤቱን ብንጠይቀው፣ ሞክሬ ነበር፣ ውርርድ በከለከልሁበት ሳምንት ኪራይ የምከፍለው አጣሁ አለን።

ያ ክፍል ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፤ የሚጠግነውም ያው ባለቤቱ ነው። አንደኛው ፕሌይስቴሽን ለዕቃ ተፈትቷል። ሁለተኛው በመደርደሪያ ላይ አለ፣ ከነ 8 ሜጋባይት ማኅደሩ። በጊፋታ ማግስት ለምነነው አብርቶ አሳየን፤ ማኅደሩ እስኪነበብ ድረስ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ በወላይትኛ የተጻፈው ክለብ ስሙ ወጣ። ዐሥራ አንዱን በተራ አነበብናቸው። አራቱ ቢጠና አሉ፣ ሦስቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ እኛ ነን። ሁለቱ ሐዋሳ ይሠራሉ። በረኛው በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አራት ዓመት ሆነው፣ ከኬንያ አንድ ጊዜ ከደወለ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ባለቤቱ ጆይስቲኩን ሰጠንና እንጫወት አለ። እኛ ያንን ክለብ ያዝን፣ እርሱ ኢንተርን መረጠ፣ ከሩቅም አልመታም።